ወፍ ዘራሽ፦ ዛፍ የምትተክለው እርግብ

ደብረ ሲና አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከድንጋይ ካብ መሐል የበቀለ የወይራ ችግኝ አየሁ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። አፈር የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ድንጋይ መሐል ሥሩን ሰዶ ቆሟል። በሩ ላይ የተቀመጡትን አባት ጠጋ ብዬ፣ «አባ፣ ይህን ማን ተከለው?» አልኳቸው።

«ማን ይተክለዋል ልጄ፤ ወፍ ዘራሽ ነው» አሉኝ።

ይህችን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን። ከማሳ ዳር ሳይዘሩት የበቀለ ጎመን ወፍ ዘራሽ ነው። አጥር ሥር ብቻውን የወጣ ሚጥሚጣ ወፍ ዘራሽ ነው። አንዳንዴ ሰው ላይም እናውላታለን፤ ወገኑ ያልታወቀ ለማለት። ያኔ ስድብ ትሆናለች። ለዛፍ ስትነገር ግን ስድብም ምሳሌም አይደለችም። የሆነውን ነገር እንዳለ ነው የምትናገረው። ወፍ ዘራው።

ለመሆኑ ወፍ ዛፍ የሚዘራው እንዴት ነው? ፍሬ ይበላል፣ ይጥላል፣ ይበቅላል ብለን ማለፍ እንችላለን። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ፍሬ የሚበላ ወፍ ሁሉ ደን በተከለ ነበር። አይደለም። አንዳንዱ ወፍ ዘሩን ይተክላል፣ አንዳንዱ ዘሩን ይፈጫል። ልዩነቱን በደንብ የምታሳየን ከእኛ ደጋ በጣም ርቃ የምትኖር አንዲት እርግብ ናት። ባሕር ዳር ትውላለች፣ ደሴት ላይ ታድራለች። ስለ እሷ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ የወፍ ዋሻን ደን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

የሳይንስ ስሟ ዱኩላ ቢኮሎር ነው። ከእኛ ድኩላ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ የድምፅ መገጣጠም ነው። በአማርኛ የወጣላት ስም ስለማላውቅ ነጯ ፍሬ በል እርግብ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰውነቷ እንደ ወተት የነጣ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል። የክንፏ ትልልቅ ላባዎችና የጭራዋ ጫፍ ግን ጥቁር ናቸው። ርዝመቷ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያችን ላይ ከምናያት እርግብ ትገዝፋለች። የምትኖረው ከማያንማርና ከታይላንድ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ድረስ ባለው ሞቃት የባሕር ዳርቻ ነው። የአንዳማንና የኒኮባር ደሴቶችም አገሯ ናቸው። ወደ ኒው ጊኒና ወደ ሰሜን አውስትራሊያ ስትሄዱ ደግሞ የቅርብ ዘመዷን ዱኩላ ስፒሎራን ታገኛላችሁ። ሁለቱ በጣም ከመመሳሰላቸው የተነሳ አንድ ዝርያ ናቸው ያሉም ነበሩ።

ኑሮዋ በሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። አዳሯ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ትንሽ ደሴት ላይ ጎጆ የሚዘርፍ እንስሳ ጥቂት ነው። ምግቡም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠዋት በመንጋ ትነሳና ባሕሩን አቋርጣ ወደ ትልቁ ምድር ወይም ወደ ሌላ ደሴት ትሄዳለች። ዛፍ አናት ላይ ፍሬ ስትለቅም ትውላለች። ሲመሽ ትመለሳለች። ቀን ቆላ ወርዶ ገበያ ውሎ ማታ ደጋ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ማለት ናት። ልዩነቱ፣ ይህች ገበያተኛ የሸመተችውን ሆዷ ውስጥ ይዛ መመለሷ ነው።

አሁን ወደዚያ ሆድ እንግባ።

ዶሮ ስትገነጥሉ አንድ ጠንካራ፣ ጡንቻማ ጨጓራ ታገኛላችሁ። ሲሰነጥቁት ውስጡ ጠጠር አለ። ዶሮ ጥርስ የላትም፤ ጥርሷ እሱ ነው። ገብሱም ስንዴውም እዚያ ገብቶ ከጠጠሩ ጋር እየታሸ ይፈጫል። ደብረ ብርሃን ላይ እህል በሚወርድበት ቦታ ሁሉ የሚርመሰመሱት እርግቦችም እንዲሁ ናቸው። ሆዳቸው ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት የገባ ገብስ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ተመልሶ አይበቅልም።

የነጯ እርግብ ሆድ ወፍጮ የለውም። ጨጓራዋ ስስ ነው። አንጀቷ አጭርና ሰፊ ነው። የምትፈልገው ዘሩን ሳይሆን ዘሩን የሸፈነውን ሥጋ ነው። ፍሬውን ሳትቆርስ እንዳለ ትውጠዋለች። መንጋጋዋ ስለሚለጠጥ፣ በዚያች ትንሽ ምንቃር አያልፍም ያላችሁት ፍሬ ሁሉ ያልፍላታል። ሥጋው ሆዷ ውስጥ ተገፎ ይቀራል። ዘሩ ሳይሰነጠቅ ይወጣል፤ ወይ ከኩሷ ጋር፣ ወይ በአፏ ትተፋዋለች። ሥጋው እንግዲህ ዛፉ የሚከፍለው የትራንስፖርት ሒሳብ ነው። ዛፍ እግር ስለሌለው ተሳፋሪውን፣ ማለትም ዘሩን፣ በተከራየው ክንፍ ይልካል።

ዘር ከእናቱ ዛፍ ሥር ቢወድቅ ምን ይጎድለዋል? ብዙ ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የእናትየው ጥላ ብርሃን ይከለክለዋል። ሁለተኛ፣ ያንን የዛፍ ዓይነት የሚበላው ተባይና የሚያጠቃው ሻጋታ ተከማችቶ የሚጠብቀው እዚያው ሥሩ ነው። በዚያ ላይ መቶ ወንድምና እህት በአንድ ስንዝር መሬት ይሻማሉ። ራቅ ብሎ የወደቀ ዘር ከዚህ ሁሉ ያመልጣል። ስለዚህ ርቀት ለዛፍ ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ የገውዝን ነገር ካላነሳሁ አይሆንልኝም። አያቴ መከለሻ ሲያዘጋጁ ገውዟን መጨረሻ ላይ ነበር የሚያወጧት። በጨርቅ ጠቅልለው ከኮረሪማውም ከቅርንፉዱም ለይተው ያስቀምጧት ነበር። «ይህች ከባሕር ማዶ የመጣች ናት፤ ጥቂት ይበቃል» ይሉን ነበር። ባሕር ማዶ የት እንደሆነ ያኔ አልጠየቅሁም።

ባንዳ ይባላል። ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሉ ጥቂት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ገውዝ በመላው ዓለም ከዚያ ብቻ ይመጣ የነበረበት ዘመን ነበር። ፍሬው ቢጫ ኮክ ይመስላል። ሲበስል ለሁለት ይከፈላል። ውስጡ ጠቆር ያለ ዘር አለ፤ ዘሩን ደማቅ ቀይ መረብ ጠቅልሎታል። እኛ የምንፈጨው የዘሩን ውስጥ ነው። እርግቧ የምትፈልገው ግን ቀዩን መረብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1621 ሆላንዶች በያን ፒተርስዞን ኩን መሪነት ባንዳን በጦር ያዙ። የደሴቶቹ ሕዝብ አብዛኛው አለቀ፤ ከተረፈው ከፊሉ በባርነት ተወሰደ፣ ከፊሉ ሸሸ። ለቅመማ ቅመም ሲባል አንድ ሕዝብ ጠፋ። ሆላንዶች የፈለጉት ገውዝ በእነሱ እጅ ብቻ እንዲቀር ነበር። ሌላ አገር ተዘርቶ እንዳይበቅልባቸው የሚልኩትን ዘር ኖራ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ሩን የምትባለው ትንሽ የገውዝ ደሴት ምን ያህል ዋጋ እንደነበራት ለማወቅ የ1667ቱን የብሬዳ ስምምነት ማየት ይበቃል። ሩን ለሆላንዶች ቀረች፤ ማንሃታን፣ የዛሬዋ የኒው ዮርክ እምብርት፣ ለእንግሊዞች ቀረች።

ታዲያ ሰው ሁሉ ሲጠበቅ እርግብን ማን ይጠብቃታል? ፍሬ በል እርግቦች ቀዩን መረብ ብለው ዘሩን እንዳለ ይውጡታል። ኖራ ያልነካውን ዘር ይዘው ይበራሉ። ጎረቤት ደሴት ላይ ይጥሉታል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ በ19ኛው መቶ ዘመን ባንዳ ሄዶ ይህንኑ ተመልክቷል። እሱ ያያት የነጯ ዘመድ የሆነች ሌላ ትልቅ እርግብ ነበረች። መረቡን ለራሷ ታስቀርና ዘሩን ምንም ሳይነካው ትተፋዋለች ብሎ ጽፏል። ነጯንም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የገውዝ እርግብ ይሏታል። እኔም ከዚያ ወዲህ ገውዝ በሸተተኝ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ናት።

ባሕር ማቋረጥ ለዘር ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1883 የክራካታው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከደሴቲቱ አብዛኛው ክፍል ባሕር ውስጥ ገባ። የተረፈው በትኩስ አመድ ተቀበረ። ቦታው ከጃቫም ከሱማትራም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መሐሉ ባሕር ነው። ሆኖም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ደን ተመልሶ አለበሰው። መጀመሪያ የደረሱት በነፋስ የሚበኑና በውኃ የሚንሳፈፉ ዘሮች ናቸው። የሾላ ዘመድ የሆኑት ዛፎች ግን በፍሬ በል ወፎችና በሌሊት ወፎች ሆድ ተሳፍረው ነው የመጡት። ደኑን ደን ያደረጉት በአብዛኛው እነዚያ ናቸው።

እርግቧ ደካማ ጎን አላት። በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ፍሬ ስኳርና ውኃ ይበዛዋል፤ ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ያንሰዋል። በፍሬ ብቻ ብዙ ጫጩት ማሳደግ ይከብዳል። ያችን አንዷን የምታሳድጋት በወተት ነው። አዎ፣ በወተት። እርግቦች ሁሉ፣ እናትም አባትም፣ ጉሮሯቸው ሥር ካለው ከረጢት ግድግዳ እየተላጠ የሚወጣ አይብ የመሰለ ምግብ አላቸው። ፕሮቲንና ስብ የበዛበት ነው። ጫጩቷ ምንቃሯን ወላጇ አፍ ውስጥ ከትታ ትመገበዋለች። ወላጅ ከሞተ ወተቱም የለም።

ሌላው ድክመቷ መንገዷ መታወቁ ነው። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በመንጋ ትመለሳለች። መተኮስ የፈለገ ሰው ደሴት ዳር ቆሞ ምሽትን መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ፣ ለብዙ ዓመታት የሆነው ይኸው ነው። እዚያ የምትራባው ዘመዷ ስፒሎራ በየዓመቱ ነሐሴ ገደማ ከኒው ጊኒ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማርጋሬትና አርተር ቶርስቦርን የተባሉ ባልና ሚስት ብሩክ በሚባሉት ደሴቶች ላይ የሚደርሰውን ግድያ አዩ። ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው ጫጩቶች ጎጆ ውስጥ በረሃብ ያልቁ ነበር።

ባልና ሚስቱ በ1965 መቁጠር ጀመሩ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ሲመሽ ባሕሩ ዳር ይቀመጣሉ። ከዋናው ምድር ወደ ደሴቱ የሚመለሱትን እርግቦች መንጋ በመንጋ ይቆጥራሉ። ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳሉ። ቁጥሩን ይዘው የሚመለከታቸውን ሰዎች ወተወቱ። ተኩሱ ቆመ፣ ጥበቃ ተጀመረ። ጥቂት ሺህ የነበሩት እርግቦች በአሥር ሺዎች ሆኑ። አርተርም ማርጋሬትም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቆጠራው ግን በበጎ ፈቃደኞች ቀጥሏል። የእርግቦቹ ቁጥር ሲመለስ፣ የፍሬ ዛፎቹም አመላላሻቸው ተመለሰላቸው ማለት ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው እርሳሱና ወረቀቱ ነው። ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። ሰሜን ሸዋ ባሕር የላትም። ደሴት ግን አላት። ከጣርማበር አናት ሆናችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። ከታረሰው መሬት መሐል እዚህም እዚያም የቀሩ ክብ ክብ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታያላችሁ። ራቅ ብሎ ደግሞ ወፍ ዋሻ አለ፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ያለበት ትልቁ ደን። ከአንዱ ወደ ሌላው ዘር የሚያመላልስ እግር ያለው ነገር ብዙም የለም። ክንፍ ነው ያለው።

በእኛ አካባቢ እርግቦቹ እንደ ከፍታው ይለያያሉ። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አናት ላይ የምናያት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ግራጫ እርግብ ናት። በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው የምትገኘው፤ ልንኮራባት ይገባል። ገደል ላይና ሕንፃ ላይ ታድራለች፣ ማሳ ላይ እህል ትለቅማለች። ወፍጮ ቤት ናት። ከእሷ ዛፍ አትጠብቁ።

ደኑ ውስጥ ስትገቡ ሌላ አለች። ጠቆር ብላ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የምታደላ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ምንቃሯም እግሯም የዓይኗ ዙሪያም ቢጫ የሆነ ትልቅ እርግብ። የወይራ እርግብ ትባላለች። ከኢትዮጵያ ተራሮች ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባሉ የደጋ ደኖች ትኖራለች። የወይራ፣ የጥቁር እንጨት፣ የዝግባ ፍሬ ትወዳለች። ፍሬ ወደ በሰለበት ከደን ደን ሩቅ ትበራለች። ወይራን የምትነካ እሷ ብቻ አይደለችም። ሥጋውን ውጠው ድንጋይ የመሰለውን ዘር የሚጥሉ ትንንሽ ወፎችም ብዙ ናቸው። ካቡ መሐል የበቀለውን የትኛው ወፍ እንደጣለው የሚያውቅ የለም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ፣ ሙቀቱ ሲጀምራችሁ፣ ሾላና ዋርካ ላይ ቀና በሉ። ቅጠሉ ይነቃነቃል፣ ወፍ ግን አይታይም። ትንሽ ቆይታችሁ ስትለዩት አረንጓዴ እርግብ ናት፤ ሆዷ ደማቅ ቢጫ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ እሷ ጽፏል። ስሟን «ዋልያ» ብሎ ነው የመዘገበው። የሳይንስ ስሟም ትሬሮን ዋልያ ሆኖ ቀረ። አንዷ ፍሬ በል እርግብ ድኩላን የሚመስል ስም፣ አንዷ የዋልያን ስም ይዘው መገኘታቸው ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የተተወ ስጦታ ይመስለኛል።

ይህች አረንጓዴ እርግብ እንደ ባሕር ዳሯ ዘመዷ ፍሬ ትበላለች፤ የአረንጓዴ እርግቦች ጨጓራ ግን ጡንቻማ ነው። የሾላ ዘር ሲገባ ብዙውን ይፈጨዋል። ፍሬ በል መሆን ብቻውን ዘሪ አያደርግም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አንድ የሾላ ፍሬ ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን ዘር ስላለው ከፍጭቱ የሚያመልጥ አይጠፋም። የቀረውን የሌሊት ወፍና ጦጣ ይበትኑታል።

አሁን አንድ ገላጣ ኮረብታ አስቡ። ወፍ ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬ አይጥልም። የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ያረፈበት ቦታ ላይ ነው ኩሱም ዘሩም የሚወርደው። ስለዚህ ማሳ መሐል ብቻውን የቀረ አንድ ዛፍ የዘር መውረጃ ጣቢያ ነው። አጋምና ደደሆም እንዲሁ። ወፉ የአጋም ፍሬ ሊበላ መጥቶ ትናንት የዋጠውን የወይራ ዘር እዚያው ይጥላል። የአጋሙ እሾህ ችግኙን ከፍየል ይከልልለታል፣ ጥላው ከፀሐይ ያስጥለዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም የወይራ ችግኝ ከገላጣ ሜዳ ይልቅ ቁጥቋጦ ሥር እንደሚበዛ አሳይተዋል። እኛ ቦታ ስናጸዳ መጀመሪያ የምንመነጥረው ግን ያንኑ ቁጥቋጦ ነው።

ባሕር ዛፍስ? በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደን ብዙው እሱ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው፤ ለማገዶም ለቤትም ደርሶልናል፣ አልክድም። ዘሩ ግን ደረቅና ጥቃቅን ነው። ሥጋ የለውም፤ ለፍሬ በል ወፍ የሚከፍለው ሒሳብ የለውም። ከወፍ ዋሻ የተነሳች የወይራ እርግብ በባሕር ዛፍ ላይ ልታርፍ ትችላለች፤ የምትበላው ግን አታገኝም። ወይራውን ደግሞ ለእርፍ፣ ለማገዶ፣ ለጠላ እንስራ ማጠኛ እየቆረጥን ጨርሰነዋል። ጭሱን እኔም እወደዋለሁ። ቅርንጫፍ መቁረጥና ፍሬ የሚያፈራውን ትልቁን ዛፍ ከሥሩ መጣል ግን አንድ አይደሉም። የሚያፈራው ሲወድቅ ወፏ የምትይዘው ጭነት ይጠፋል፤ ያኔ የቱንም ያህል ቁጥቋጦ ብንጠብቅ የሚዘራበት የለም።

ባለፈው ወር ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ደብተርና እርሳስ ይዤ ነበር። አባ ችግኙን በደረቅ እሾህ ከበውታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ወደ ጽዱ አናት የሚገቡትን የወይራ እርግቦች መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ሆነው መጡ። ቀጥሎ አምስት። ሲጨልም 11 ብዬ ጻፍኩ።

አባ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «12 ናቸው ልጄ» አሉኝ። «አንዷ አንተ ሳትመጣ ነው የገባችው።»